አንዴ ተጠይቆ አይኬድም

የወንድሜ ልጅ ሩፈይዳ ቤተሰቡን በሙሉ ላንጋኖ ሐይቅ ወስዳ ልታዝናና ነው ሲባል መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ሰው ነን። ከሰባ ስምንት ዓመቷ እናቴ ጀምሮ ጥርስ እስካላበቀለው ሕፃን ድረስ። እኔ አንድ ኬሻ ኮረሪማ ከጅማ መርካቶ ጊንጆ ሰፈር ለማድረስ ከሦስት ባጃጅ ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ይቺ ልጅ አሥራ ሰባት ሰው ይዛ ሐይቅ ዳር!

"አቦ ተዪን!" አልኳት። "እኛ እኮ ለሠርግ እንኳ አብረን ተነስተን አብረን ደርሰን አናውቅም።"

"እሱን ነው የማስተካክለው አክስቴ" አለችኝ። አልተቆጣችም። ይሄ ነገሯ ነው መጀመሪያ ያስገረመኝ። እኔ ብሆን ለሳምንት አኮርፋለሁ።

ሩፈይዳ አራት ዓመት ሙሉ ቱሪዝም ተምራ ተመርቃለች። ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፤ ሥራ የለም። አባቷ ቲጃኒ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ መርካቶ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። ከሱቁ ጎን ባዶ ካርቶን የሚከምርባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ልጅቷ ያቺን ክፍል ስጠኝና ሰው የማስጎብኝበት ቢሮ ልክፈትባት ስትለው ከረመች። እሱ ደግሞ "ከኔ ጋር ጨርቅ ለኪ" ሲላት ከረመ።

በረመዳን አንድ ቀን፣ ካፈጠርን በኋላ፣ ሁላችንም ባለንበት ቁርጡን ነገራት።

"ስሚ ሩፈይዳ። በዚህ ኢድ ይሄን ሁሉ ሰው ወስደሽ፣ ሳይጣላ፣ ሳይታመም፣ ደስ ብሎት ከመለስሽልኝ ክፍሏ ያንቺ ናት። አንድ ሰው እንኳ ተከፍቶ ከተመለሰ ግን ከኔ ጋር ባንኮኒ ኋላ ትቆሚያለሽ። የቢሮ ወሬ ደግሞ ሁለተኛ አልሰማም።"

"እሺ አባ።"

"እሺ ማለት ቀላል ነው።"

"እሺ ብያለሁ እኮ አባ።"

ሚስቱ ሳቢሃ ሻይ እየቀዳች ወደኔ ዞር ብላ "ያንቺን እልህ ነው የወሰደችው" አለችኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ አላወቅኩም፤ ለማንኛውም ወሰድኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩፈይዳ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች እኔ ሱቅ ትቀመጥ ጀመር። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም የምሸጥበት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ቦታ ነው። ቤት ልጆች ይረብሹኛል ብላ ነው የመጣችው። ደብተር ይዛለች። እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የጻፈችውን ቶሎ አላነበውም። ይሄን ስታይ ምንም ሳትል ከሰፌዴ ላይ ኮረሪማ እያነሳች ባንኮኒው ላይ ትደረድር ጀመር።

"ይሄ ትልቁ አኮ ናቸው" አለች። አኮ የምትላት አያቷን፣ እናቴን ዙቤይዳን ነው። የልጅ ልጆቿ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሯት። "ይሄ አባዬ። ይሄ የተሰነጠቀው አጎቴ ፋሂም።"

"ወንድሜን ለምን ሰነጠቅሽው?"

"ስኳር አለበት፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚቀምሰው ነገር ያስፈልገዋል። የተሰነጠቀውን ሳይ አልረሳም።"

ሰው በኮረሪማ ሲታሰብ አይቼ አላውቅም።

ሁሉንም በሦስት ምድብ ከፈለቻቸው። ጀልባው ሁላችንንም ባንዴ አይችልም፤ ሐይቁ አጠገብ ካለው ፍል ውሃ የሚያደርሰው መንገድም ጠባብ ነው። ከዚያ አንዱን ከዚህ ታነሳለች፣ ወደዚያ ትወስዳለች፣ ትመልሳለች። ቲጃኒንና ፋሂምን አንድ ላይ አላስቀመጠችም።

"ሁለቱም ማዘዝ ይወዳሉ" አለች። "አንድ መሪ ለሁለት ሾፌር አይሆንም።"

"እኔንና ሳቢሃንስ ለምን ለየሽን?"

"ሁለታችሁም ልጅ ትቆጣላችሁ። አንድ ላይ ከሆናችሁ ልጆቹ ከግራም ከቀኝም ይሰደባሉ።"

እውነቷን ነው። ሳልወድ ሳቅኩ።

ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ያላሰበችው ነገር አልነበረም። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ማን እንደሆነ አውቃ ፊት አስቀምጣዋለች። የምናርፍበት ቦታ ደውላ ከክፍሉ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ጠይቃለች፤ ዘበኛው ሄዶ ቆጥሮ ሃያ ስድስት ነው አላት። ለእናቴ ጉልበት ብላ ሽንት ቤቱ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ቁጢጥ የሚሉበት ብላ ጠይቃለች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባ ጠዋት ብቻ እንዲሆን አድርጋለች። ሴቶች ወንድ ሳያየን እንዴት ውሃ እንደምንገባ እንኳ አስባ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወንዶቹ ሁሉ ወፍ ለማየት ወደ ዳገቱ እንዲሄዱ ጽፋባቸዋለች። ቲጃኒ ወፍ ማየት ይወዳል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ተጽፏል፣ ይሄዳል።

ታዲያ ያኔ ነው ጥፋቱ የተሠራው። እዚያው እኔ ፊት፣ እኔው ባንኮኒ ላይ።

ማን ምን እንደሚፈልግ ልትጠይቅ ተነሳች። ከኔ ጀመረች።

"አክስቴ፣ ትሄጃለሽ አይደል?"

"እኔ ሱቄን ዘግቼ የትም አልሄድም" አልኳት።

"እሺ አክስቴ" አለችና ኮረሪማዬን አንስታ ሰፌዱ ላይ ጣለችው። ከዚያ ሁሉ ፍሬ ጋር ተደባለቅኩ።

አሁን ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። በኛ ቤት እንግዳ ብላ ሲባል መጀመሪያ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ሁለተኛ ሲባል "ወላሂ ጠግቤያለሁ" ይላል። ሦስተኛ ሲለመን እጁን ይታጠባል። መጀመሪያ በተጠየቀ እሺ የሚል ሰው ያልተቀጣ ነው። አንዴ ጠይቆ የሚተው ደግሞ መጀመሪያም ከልቡ አልጠየቀም። ይሄ በየትም ደብተር አልተጻፈም፤ የማያውቀው ሰው ግን የለም። ሩፈይዳም ታውቀዋለች። እንግዳ ስታስተናግድ አይቻታለሁ፤ ሦስት ጊዜ ሳይሆን አምስት ጊዜ ነው የምትለምነው። ግን ደብተርና እስክሪብቶ ሲያዝ፣ ስልክ ሲያዝ፣ ነገሩ ሥራ መሰላት። በሥራ ደግሞ ሰው የሚናገረውን ነው የሚጽፉት።

ቀጥላ እናቴ ጋ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋዋለች።

"አኮ፣ ጀልባ ላይ ይወጣሉ?"

"እኔ?" አለች እናቴ። "እኔ ጀልባ ላይ ምን አደርጋለሁ ልጄ? እሱ ለእናንተ ነው። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ።"

"እሺ አኮ። ጥሩ ወንበርና ጥላ አዘጋጅልዎታለሁ።"

እናቴ ስልኩን ቶሎ አልዘጋችም። ትንሽ ቆየች። ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ "እሺ" አለችና ዘጋች።

እኔ ያቺን ቆይታ አውቃታለሁ። ሁለተኛውን እየጠበቀች ነበር። ለሩፈይዳ መንገር ነበረብኝ። ግን የኔ ኮረሪማ ሰፌድ ላይ ተጥሏል። ተምራለች አይደል፣ ትወቀው ብዬ ዝም አልኩ። አልክድም፣ ይሄ ጥፋት ግማሹ የኔ ነው።

እኔማ ሄድኩ። እናቴ "አንቺ ካልመጣሽ ማን ያለብሰኛል?" ብላ ለመነችኝ። ሳቢሃ ለመነችኝ። ሦስተኛ ቲጃኒ ሲደውል ሱቁን ቆለፍኩ።

በኢድ ሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ በዋቅጅራ ኮስተር ተነሳን። ዋቅጅራ ጨዋታ የማያልቅበት ሹፌር ነው።

"እትዬ ዘሀራ፣ ያን ዘንቢል ከኋላ አድርጊው፤ መኪናዬ ወጥ ወጥ ሸተተ" አለኝ ገና ከመሳፈሬ።

"ናፍጣ ናፍጣ ከሚሸት አይሻልም?"

"ኧረ ይሻላል። ተሳፋሪ ሲርበው ግን እኔን እንዳይበላኝ ብዬ ነው።"

ከዚያ እስክንደርስ አልተፋታንም።

አሰንዳቦ ላይ ቁርስ በላን። ሩፈይዳ አስቀድማ ደውላ ስለነበር ገና ስንወርድ ፉሉ ትኩሱን ቀረበ። ከቁርስ በኋላ መስኮት አጠገብ የነበሩትን ልጆች መሃል፣ መሃል የነበሩትን መስኮት አደረገቻቸው። ወልቂጤ ላይ ደግሞ ቀየረቻቸው። አንድም ልጅ አላለቀሰም። በቡታጅራ በኩል ዞረን ለዐስር ሰላት ላንጋኖ ደረስን። የመኪናው ጉዞ ላይ ፋሂም ሦስት ጊዜ ቀመሰ፤ ያስመልሰዋል የተባለውም አላስመለሰውም። ቲጃኒ አንድም ቃል አልተናገረም። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ የሚወቅሰው ነገር ሲያጣ ነው ዝም የሚለው።

እናቴን በሁለት በኩል ይዘን ወደ ውሃው አወረድናት። ሃያ ስድስት እርምጃ ነው የተባለው በእሷ እግር አርባ ሆነ። ውሃው ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ዳር የለውም። እናቴ ቆማ አየችው፣ አየችው።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ነው?" አለች።

"ውሃ ነው እማ።"

"ማንም ሳይቀዳው?"

አባቴ አብዱልሃዲ፣ አላህ ይዘንለት፣ ድሮ ጅማ ውስጥ ሻይ ቤት ነበረው። የሻይ ቤቱን ውሃ ሁሉ ከአዌቱ ወንዝ በእንስራ የምታመላልሰው እናቴ ነበረች፤ ቧንቧ ሰፈራችን እስኪገባ ድረስ። እኔን አርግዛም ቀድታለች፣ ቲጃኒን አዝላም ቀድታለች። ጀርባዋ ላይ እስከ ዛሬ ገመዱ ያረፈበት ቦታ አለ። ሳጥባት አየዋለሁ።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ወንዶቹ እንደተጻፈባቸው ወፍ ሊያዩ ሄዱ። ሩፈይዳ ከአባቷ ሱቅ ያመጣችውን ረጅም ጥቁር ጨርቅ በአራት እንጨት ወጥራ ከውሃው ዳር መጋረጃ ሠራች። ሴቶቹ በቀሚሳችን ገባን። እኔ በሕይወቴ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። ሳቢሃ ያን ሁሉ ቁጣዋን ጥላ እንደ ሕፃን ትንቦጫረቃለች። ከጅማ ሴቶች ጨዋነት ጋር እንዲህ ያለ ደስታ አብሮ እንደሚሄድ ያሳየችን የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ማሻአላህ አልኩ በሆዴ። በአፌ አላልኩም፤ የኮረሪማው ነገር ገና አልወጣልኝም።

እናቴ ወንበሯ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ እግሯ ብቻ ውሃ ነክቶ ተቀምጣለች። እንደተጻፈው።

ረፋድ ላይ ጀልባው መጣ። ባለጀልባው አብሳሎም ይባላል፤ ፀሐይ ያጠቆረው ቀጭን ሰውዬ ነው። አንደኛው ምድብ ሄዶ መጣ። ሁለተኛው ሄዶ መጣ። ልጆቹ ከውሃው ላይ "አኮ! አኮ!" እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። መጀመሪያ እናቴም ታወዛውዝላቸው ነበር። እኔ በሦስተኛው ሄጄ ስመለስ ግን ወንበሩ ዞሯል። እናቴ ራሷ አዙራዋለች። ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ያረፍንበትን ቤት ግድግዳ እያየች ነው።

ምሳ ዓሣ ቀረበ። አልነካችም።

"እማ፣ ብዪ እንጂ" አላት ቲጃኒ።

"ራሴን አሞኛል። ወደ ቤቴ መልሱኝ።"

አንዴ ለመናት፣ ሁለቴ ለመናት፣ አምስቴ ለመናት። አልበላችም። ተነስታ ክፍሏ ገባች። ልጆቹ እንኳ ዓሣቸውን በቀስታ ነው የሚበሉት።

ቲጃኒ ሩፈይዳን ከዛፍ ሥር ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ። ማንም አልጠራኝም።

"እናቴ ተከፍታለች" አላት።

"አባ፣ ምን አጠፋሁ? ሁሉም ነገር እንደ ዕቅዱ ነው የሄደው።"

"ዕቅድሽን ተይው። ምን አልኩሽ? አንድ ሰው ከተከፋ አልኩሽ። ነገ እንመለሳለን። ደብተርሽን ዝጊ።"

"ጠይቄያቸው ነበር እኮ!" ደብተሩን ገለጠች። "ይኸው፤ ጀልባ ላይ ይወጣሉ ወይ አልኳቸው፣ አልወጣም አሉኝ። ዳር እቀመጣለሁ ያሉት እሳቸው ናቸው።"

ቲጃኒ ትቷት ሄደ። ልጅቷ እዚያው ቆመች። ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀችው ክፍል ከዓይኗ ሥር ሲሄድ ይታየኛል። ያኔ የኔ ኩርፊያ ጠፋ። አንዳንዴ እልህ እንደዚያ ነው፤ ስትፈልጊው አታገኚውም።

"ስንት ጊዜ ጠየቅሻት?" አልኳት።

"አንዴ። በስልክ። አንቺም ሰምተሻል።"

"አንዴ።"

አየችኝ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ያ ረቢ!" አለች። "አንዴ!" ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ወደኔ መለሰች። "አንቺንስ?"

"እኔንም አንዴ።"

"በሱ ነው አይደል ወሩን ሙሉ ያኮረፍሽኝ?"

"እኔ አላኮረፍኩም። ሱቅ ነበረኝ።"

እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በሻርፗ ጠርጋ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና እስክሪብቶ አወጣች። አሁን ሄዳ እናቴ እግር ላይ ትወድቃለች ብዬ ነበር። ይሄማ ነገሩን ባበላሸው ነበር። እናቴ ጀልባ አማረኝ ብላ ያኮረፈች አሮጊት ሆና መታየት ሞቷ ነው። ከተከፋች በኋላ ቢለምኗት ሦስት አይደለም ሠላሳ ጊዜም እምቢ ትላለች። ሩፈይዳ ይሄ ገብቷታል። እኔ ሳልነግራት ነው የገባት።

ከዐስር ሰላት በኋላ ብቻዋን እናቴ ክፍል ገባች። እኔ የእናቴን ነጠላ እያጠፍኩ እዚያው ነበርኩ።

"አኮ፣ ነገ ጠዋት አንድ ዙር ጀልባ አለ። ይወጣሉ?"

"አሞኛል አልኩ እኮ።"

"አላህ ያሽርዎት አኮ" አለችና ወጣች። ያ ብቻ። ነጠላውን ጥዬ ሮጬ ልመልሳት ምንም አልቀረኝም።

እናቴ በሩን አየችው። "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ትንሽ ቆይታ "ወንበሬን ዘወር አድርጊልኝ፤ ግድግዳው ሰለቸኝ" አለች። ሐይቁ ወደሚታይበት መስኮት ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግማሽ ድረስ አዞርኩላት።

መግሪብ እንደሰገድን ደግሞ መጣች። ውሃ ላይ የሚለበሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ ይዛለች።

"አኮ፣ ይሄን ይለኩልኝ እስቲ። ልኩ ጠፍቶኝ ነው።"

"ለማን ነው?"

"እንደርስዎ ላለ ሰው። ለነገው ጀልባ።"

"እንደኔ ያለ ሰው ጀልባ ላይ አይወጣም" አለች እናቴ። እጇን ግን አነሳችላት። ሩፈይዳ አለበሰቻት፣ ማሰሪያውን አጠበቀች፣ አላላች፣ መልሳ አወለቀችና "እሺ አኮ" ብላ ይዛው ሄደች። እኔ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። እናቴም የቆጠረች ይመስለኛል፤ ያን ቀን ራቷን በላች።

ጠዋት ላይ ቲጃኒ ሻንጣ እየጫነ ነው። ዋቅጅራ ሞተር አሙቋል። ሩፈይዳ የቀረውን ሰው ሁሉ ውሃው ዳር አሰልፋለች። ጀልባው ቆሟል፤ ማንም አልተሳፈረም። አብሳሎም ሰማዩን እያየ "ነፋሱ ሳይነሳ" ይላል። እሷ ምንም አትልም። ደብተሩን ብቻ ይዛ ወደ እናቴ መጣች።

"አኮ፣ ልጆቹ ቆመዋል። ያለ ዱዓ አንዳቸውንም አላሳፍርም።"

"ዱዓ ከዚህም ይደርሳል።"

"ይደርሳል አኮ። ግን የትናንቱን ዕቅድ ቀድጄ ጥዬዋለሁ።" ደብተሩን ገለጠችላት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ገጹ ላይ ግን ጽሑፍ የለም፤ አንድ ትልቅ ኮረሪማ በማስቲሽ ተለጥፎበታል፣ ዙሪያውን ትናንሽ ፍሬዎች። "ይሄ እርስዎ ነዎት። እነዚህ አጃቢዎችዎ ናቸው። ትልቁ ካልተነሳ ትናንሾቹ የትም አይሄዱም። ዕቅዱ እንደዚህ ነው፤ ሌላ የለኝም። ይምጡልን አኮ።"

እናቴ ኮረሪማውን በጣቷ ነካችው። ልጆቹ ከሩቅ ያዩዋታል። ቲጃኒ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሟል።

"ጫማዬን የት አደረጋችሁት?" አለች።

ጫማዋ ከጎህ ጀምሮ ከጀርባዬ ነበር።

ሩፈይዳ ያን ሰደርያ አለበሰቻት። ልኩ ነው። አብሳሎምና ፋሂም አንስተው ፊት ለፊት አስቀመጧት። እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ለልጆቹ፣ ለሹፌሩ፣ ለባለጀልባው፣ ለአባቴ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እኛም አሚን አልን። እኔ ዳር ልቀር ነበር። ሩፈይዳ "አክስቴ፣ ግቢ" አለችኝ። ይቅርብኝ አልኳት። "ግቢ እንጂ።" ይጠብባችኋል አልኳት። "አክስቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ግቢ።" ገባሁ።

መሃል ስንደርስ አብሳሎም ሞተሩን አጠፋው። እናቴ እጇን ወደ ውሃው ሰደደች። ስታነሳው የሚንጠባጠበውን እያየች ለማንም ሳይሆን ተናገረች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ተሸክሜያለሁ" አለች። "አንድ ቀን እንኳ እሱ ይሸከመኝ ብዬ ነበር።"

ሩፈይዳ ፊቷን አዞረች። እኔም የማዞርበት ሳጣ የአብሳሎምን ሞተር አየሁ።

ወደ ዳር ስንመለስ እናቴ አልወርድም አለች።

"ልጄ፣ ቤንዚኑ አላለቀም አይደል?" አለችው አብሳሎምን።

"ኧረ ገና ነው እማማ።"

"እንግዲህ አዙረው።"

ቲጃኒ ሻንጣውን ጥሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ቆሞ ተራ እየጠበቀ ነው። "እማ፣ ተራችን ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ።

"ጠብቅ! እኔ አንተን ዘጠኝ ወር ጠብቄሃለሁ!"

ዋቅጅራ ከኮስተሩ ሥር ሆኖ ሳቁ እኛ ድረስ ተሰማ። ምድብ የተባለው ሁሉ ፈረሰ፤ የፈለገ ገባ፣ የፈለገ ወጣ። ሩፈይዳ ደብተሯን ዘግታ ብብቷ ሥር ይዛ ዝም ብላ ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ፋሂም ሄዳ ቴምር ሰጠችው። ከቀመሰ ሁለት ሰዓት ሞልቶት ነበር። ይሄን ነው የማልረሳላት። ዕቅዱ ሁሉ ፈርሶ እሷ የሰውየውን ስኳር አልረሳችም።

ያን ቀን አልተመለስንም። በማግስቱ ስንመለስ አሰንዳቦ ላይ ቆምን። ሁሉም ወርዶ እግሩን ያፍታታል፤ እናቴ ብቻ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ቲጃኒ ከኪሱ የቁልፍ ማንጠልጠያውን አወጣና አንዱን ቁልፍ በጥርሱ ጭምር ታግሎ ፈታው።

"እንኪ" አላት ልጁን።

"አይ አባ" አለች ሩፈይዳ። ፊቷ ቀልቷል። "ካርቶንህን የት ታደርገዋለህ?"

"ለካርቶኑ አታስቢ። ያዢው።"

"አይ ይቅር፣ ሱቁም ይጠብሃል።"

ቲጃኒ ቁልፉን አየው፣ እሷን አያት፣ ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው። "እንግዲህ እምቢ ካለች ምን አደርጋለሁ" አለ። ሊያሾፍባት ይሁን ከምሩ፣ እስከ ዛሬ አይናገርም። የልጅቷ ዓይን ግን ኪሱ ላይ ቀረ።

የኮስተሩ መስኮት ተከፈተ።

"ቲጃኒ!" አለች እናቴ። "መቁጠር አላስተማርኩህም?"

ፉል የሚበላው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ቲጃኒ እየሳቀ ቁልፉን መልሶ አወጣ፤ ሩፈይዳ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ የአባቷንም እጅ ሳመች።

ካርቶኑን ካወጣን ሳምንት ሆነን። ግድግዳውን አረንጓዴ ቀብታዋለች፤ እኔ ቢጫ ይሻላል ብያት ነበር። ያ ኮረሪማ የተለጠፈበት ገጽ በመስታወት ተሰቅሏል። ደብተሯ ላይ አሁን ከየሰዉ ስም ጎን ሦስት ሦስት ባዶ ሳጥን አለ፤ ሦስቱም ሳይሞላ ሰው አልሄድም አለ ተብሎ አይጻፍም።

ባለፈው መጥታ "አክስቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዬ ውስጥ ትቀመጪልኛለሽ? ትልልቅ ሰዎችን የሚያናግርልኝ አጥቻለሁ" አለችኝ። ሱቅ አለኝ አልኳት። ትናንት ደግሞ መጣች። በቅዳሜ ገበያ ማን ሊሸጥልኝ ነው አልኳት።

ዛሬ ሱቄን በጊዜ ጠርጌ፣ ሰፌዱን ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ቁጭ ብዬ መንገዱን እያየሁ ነው።